አራት ጊዜ የተጠገነ ጉድጓድ

በዚያ ክረምት ዝናቡ ሰባ ሁለት ቀን ዘነበ። ሰባ ሁለት መሆኑን የቆጠረው የልብስ ሰፊዋ ባል ነው፤ ሌላ የሚቆጥረው ነገር አልነበረውም። በመጀመሪያው ሳምንት የሠፈሩ ቱቦ ሞልቶ ገነፈለ። በሦስተኛው የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ተሰነጠቀ። በአምስተኛው የትምህርት ቤቱ አጥር ተኛ። ከሁሉ የባሰው ግን መንገዱ ወደ ትምህርት ቤቱ በሚታጠፍበት፣ ከሰፊዋ በር ፊት ለፊት ያለው ጉድጓድ ነበር። አንድ ሚኒባስ እዚያ ባሌስትራውን ሰበረ። አንዲት ነፍሰ ጡር እግሯ ገብቶ ወደቀች፤ ልጁ ተረፈ። አንድ ሽማግሌ መንገዱን ፈርተው ክሊኒክ መሄድ ተዉና ቤታቸው ሞቱ፤ በጉድጓዱ ነው ማለት አይቻልም፣ በጉድጓዱ አይደለም ማለትም አይቻልም። ዝናቡ ባቆመ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ከመኪና ስትሸሽ ገባችበትና ሁለት ጥርሷን አጣች። የእግረኛ ማቋረጫው ቀለም ከጠፋ ዓመታት ስላለፉት መኪኖቹ እዚያ ጋ አይቆሙም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሠፈሩ ሰው ወጥቶ ጉድጓዱን ሞላው። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰፊዋ ወደ መንገድ ጽሕፈት ቤቱ የአቤቱታ ስልክ ደወለች። ስልኩን በልብስ ስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ባሏ እንዲሰማ ነው። አንዲት ልጅ በእንቅልፍ ድምፅ የመዝገቡን ቁጥር ጠየቀቻት፤ ነገረቻት። ልጅቷ ጥቂት ቆይታ በዚያ ቦታ ላይ አራት ጊዜ አቤቱታ እንደቀረበና አራቱም ጊዜ መንገዱ እንደተጠገነ አነበበችላት። ሰፊዋ ማንም አልጠገነውም፣ በድንጋይና በጥራጊ የሞላነው እኛ ነን አለች። ልጅቷ እዚህ ላይ የሚለው «ተጠግኗል» ነው አለች። ይህ የአሁኑ አምስተኛው አቤቱታ ዛሬ ከስድስት ሰዓት በፊት እንደሚታይ፣ በስድስት ሰዓት ደግሞ በዚህ ዓመት አስፋልት የሚለብሱ መንገዶች ዝርዝር እንደሚዘጋም ነገረቻት። ጉድጓዱ ከሃያ ሳንቲም በላይ ጥልቀት ካለው ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። ካልሆነ እስከሚመጣው ክረምት አቤቱታ አይቀበሉም።

«ሞልቶ ከተገኘስ?» አለች ሰፊዋ።

«ከሞላማ ምኑ ይጠገናል፣ እናቴ?»

ስልኩ ተዘጋ። ባሏ ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ላይ ሆኖ፣ «እኔ እኮ የተሰበርኩት በተጠገነ መንገድ ላይ ነው» አለ። «ይህ ዕድል ለሁሉም አይገጥምም።» እሷ አልሳቀችም። ባሏ ዳቦ በብስክሌት አዳይ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ጭኖ አልፏል። ከሁለት ክረምት በፊት ውኃ የሸፈነው ያው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ከአልጋው እስከ በሩ በሁለት ከዘራ ይሄዳል፣ ከበሩ አያልፍም። ጽሕፈት ቤቱ የሰጣቸው ወረቀት ከቁልፎችና ከክር ማጠንጠኛዎች ጋር መሳቢያ ውስጥ ነው። መንገዱ ተጠግኖ ርክክብ የተፈጸመበት በመሆኑ አደጋው የደረሰው በብስክሌተኛው ጥንቃቄ ጉድለት ነው ይላል። ዳቦ ቤቱም ይህን ወረቀት አይቶ ለጠንቃቃ ሰው እንጂ ለግድየለሽ ካሳ አንከፍልም ብሎ አሰናበተው።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ከፊቱ የስፌት መኪናው፣ የመቁረጫው ጠረጴዛና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ያላለቁ የተማሪ ልብሶች አሉ፤ ከኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ምድጃና ዕቃ። አልጋው መጀመሪያ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ባሏ ከተሰበረ በኋላ ሰው ይይ ብላ ወደ መስኮቱ አመጣችው። የሚያየው ግን ሰው ብቻ አልነበረም፤ ከመስኮቱ እስከ ጉድጓዱ ስምንት እርምጃ ነው። ሰባት ልብስ ቅዳሜ ማስረከብ ነበረባት። የመጀመሪያውን አንሥታ መርፌው ሥር አስገባች፣ ግማሽ እጅጌ ሰፋች፣ ከዚያ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች።

ስታስበው ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎ አለማሰቡ ነው የገረማት። ጉድጓዱ ሰው ይጎዳል። ሰው ሲጎዳ ሠፈሩ ይደነግጥና ይሞላዋል። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ሞልቶ ያገኘዋል፣ ተጠግኗል ብሎ ይጽፋል፣ መዝገቡ ይዘጋል። ዝናብ ሲመጣ ሙሌቱን ጠርጎ ይወስደዋል። ሠፈሩ ደግ በሆነ ቁጥር ጉድጓዱ ከወረቀት ላይ ይጠፋል። ትላንት ራሷ አራት ጆንያ የጨርቅ ቁርጥራጭ ሰጥታለች፤ ከላይ ሆና በእግሯ የረገጠችውም እሷ ነች።

ማን እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስሙን አልጠሩም። የዚያ ሠፈር ተቆጣጣሪ ታናሽ ወንድሟ ነው። ሠፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ መሐንዲስ አይደለም፣ ሜትር ይዞ የሚዞር ሰው ነው። የመጀመሪያውን «ተጠግኗል» የጻፈው ከሁለት ክረምት በፊት፣ ባሏ ከመውደቁ ከአራት ቀን በፊት ነበር። እሷ ስፌት ላይ ነበረች። ነጩ ፒክአፕ መጥቶ ቆመ፤ ዝናብ ነበር። መስታወቱ አንድ ስንዝር ወረደ፣ ወንድሟ ጉልበቱ ላይ ጻፈ፣ መስታወቱ ወጣ፣ መኪናው ሄደ። ባሏ ከወደቀ በኋላ ጽሕፈት ቤቱ መርማሪ እንደሚልክ ሲሰማ ወንድሟ ማምሻውን መጣና በሩ ላይ ቆመ። ተቀመጥ ብትለውም አልተቀመጠም። እትዬ፣ ከመኪና አልወረደም ካልሽ ያባርሩኛል፣ ሦስት ልጆች አሉኝ አላት። በማግስቱ መርማሪው ሲመጣ፣ ተቆጣጣሪው ወርዶ ሲለካ አይተሻል ወይ ብሎ ጠየቃት። ልብስ እየሰፋሁ ነበር፣ አላየሁም አለች። ባሏ አልጋው ላይ ሆኖ ሰምቷታል። ስለዚያ መልስ አንድ ቀን፣ አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም። ወንድሟም ከዚያ በኋላ ደጃፏን አልረገጠም። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ እሷ ካለችበት በተቃራኒ ይቀመጣል፤ መንገድ ላይ ካያት ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ቀጥሎ የመጡትን ሦስቱን አቤቱታዎችም ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ዘግቷቸዋል።

ተነሥታ ጫማዋን ቀየረች። ባሏ የት ልትሄጅ ነው አላለም፤ የምታጠልቀውን የእሱን የቆየ ቦት ጫማ አይቶ ገባው። «ሴትዮ፣ ትላንት የሞላሽውን ዛሬ ልታወጪ ነው?» አለ። አዎ አለችው። ትንሽ አሰበና መስኮቱን ወለል አድርጋ እንድትከፍትለት ጠየቃት።

መቆፈሪያ ያለው ጎሚስታው ነው። ሱቁ ከጉድጓዱ ሠላሳ ሜትር ወረድ ብሎ ነው፤ ሠፈሩም ጉድጓዱን ሌሊት ሌሊት የሚያሰፋው እሱ ነው እያለ ያማዋል። ቸርኬ ሲያቃና አገኘችው። ዶማና አካፋ አውሰኝ ስትለው ለምን ብሎ ጠየቀ፤ ነገረችው። ቸርኬውን አስቀመጠ። በዚያ ጉድጓድ ምክንያት ሚስቱ እንኳ የምታየው በጥርጣሬ እንደሆነ፣ ዛሬ የእሱ ዶማ እዚያ ላይ ከታየ ሠፈሩን ለቆ መሄድ እንደሚኖርበት አስረዳት። እንግዲያው አትስጠኝ አለችው። ጎሚስታው ቸርኬውን መልሶ አነሣ፣ ጀርባውን ሰጣት፣ እኔ ሥራ ላይ ስሆን ከበሩ ጀርባ ያለውን ዕቃ ማን እንደወሰደው አላይም አለ። ዶማውና አካፋው ከበሩ ጀርባ ነበሩ።

መጀመሪያ ሦስት ወንበሮችና የመተኮሻውን ጠረጴዛ አውጥታ ዙሪያውን አቆመች፤ ከወንበር ወደ ወንበር ቀይ ገበር አሰረች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና ቆፈረች። ሙሌቱ ገና አልጠነከረም፤ ዶማው ሲገባ ይለቃል። መጀመሪያ የወጣው የራሷ ቁርጥራጭ ነው፣ ሰማያዊ የተማሪ ጨርቅ፣ የረጠበ። ከሥሩ የጎሚስታው አሮጌ ጎማዎች። ከጎማዎቹ ሥር የዳቦ ቤቱ የተቃጠለ ጣውላ፣ የአንዱ ቤት የፈረሰ ጡብ፣ የሌላው የተሰበረ የውኃ ታንከር። ሁሉንም በየተራ ዳር ላይ ደረደረችው። ሠፈሩ ያዋጣው በሙሉ ፀሐይ ላይ ተዘረጋ፤ ሰው ለሥራ ሲወጣ የገዛ ዕቃውን እያየ ይቆማል። አንድ ሚኒባስ ጡሩንባውን አስጮኸባትና ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ ከከተማው ጉድጓድ ሁሉ ይሄ አንሶሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ወንበሮቹን ዞረህ እለፍ አለችው። ዞሮ አለፈ።

ሊቀመንበሩ ደረሰ። የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ የሠፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ካፖርቱን በበጋም የማያወልቅ ሰው ነው። ትላንት ሙሌቱን ያስተባበረው እሱ ነው፤ ከእጁ የገባው ነገር ባይታይም ድምፁ ግን ቀኑን ሙሉ ተሰምቷል። ሰፊዋ ጉልበቷ ድረስ ወርዳ ሲያያት መጀመሪያ አላመነም። ትላንት ይህን ሁሉ ሕዝብ አንጠፍጥፌ ያሠራሁትን ሥራ፣ አንዲት ሴት በአንድ ጠዋት ታፈርሰው ብሎ ለቆመው ሰው ሁሉ ተናገረ። ማታ ልጅ ቢገባበት ተጠያቂው ማነው አለ። ሰፊዋ ቀና ሳትል ጉዳዩን አስረዳችው፤ ዝርዝሩ በስድስት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ሞልቶ ከተገኘ አምስተኛ ጊዜ «ተጠግኗል» እንደሚባል። ሊቀመንበሩ ይህን ቀድሞ የሚያውቅ ይመስል ራሱን ነቀነቀና መፍትሔው ቀላል ነው አለ።

«ወንድምሽ አይደለም እንዴ? ደውለሽ ለምኚው። አንድ ቁጥር መጻፍ ምን ያቅተዋል?»

«ሃያ አምስት ሳንቲም ብለህ ፈጥረህ ጻፍልኝ ልበለው፣ ጋሼ? ያለውን ለክቶ ይጻፍ እንጂ።»

ይህን ስትል ዶማዋ ነጭ ነገር መታ። ጎትታ አወጣችው፤ ለሁለት የተሰነጠቀ የእጅ መታጠቢያ ሳህን ነው፣ ቧንቧው ሳይፈታ። ሊቀመንበሩ ትላንት ሁለት ጋሪ ንጹህ ጠጠር ከቤቱ እንዳስመጣ ተናግሮ ነበር፤ ሳህኑንም ሰው ሁሉ ከግቢው በር ላይ ያውቀዋል። ከመስኮቱ የባሏ ድምፅ ብቻ መጣ፤ ጠጠሩ ዘንድሮ ደህና ውፍረት አለው አለ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ ካፖርቱን ቆለፈና ፖሊስ እንደሚጠራ ተናግሮ ሄደ።

እውነትም ጠራ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ በሞተር መጣ፤ ሊቀመንበሩ ከኋላው በእግር። ፖሊሱ ወንበሮቹን፣ ቀዩን ገበር፣ የተዘረጋውን ጥራጊና ጭቃ የለበሰችውን ሴት በየተራ ተመለከተና መንገድ እንድትቆፍሪ ማን ፈቀደልሽ አላት። ትላንት ስንሞላው ማን ፈቀደላችሁ ያለን የለም አለችው። መሙላትና መቆፈር አንድ አይደለም አለ። የሕዝብ ንብረት መጉዳት እንደሆነ፣ ቅጣት እንዳለው ነገራትና የቅጣት ደብተሩን አወጣ። ሥራ ብሎ ጠየቃት፣ ሰፊ አለችው። ጻፈ፣ ማህተም ያለበትን ቅጠል ቀዶ ሰጣት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችውና አነበበችው። በዋና መንገድ ላይ ጉድጓድ በመቆፈር ይላል።

«ጉድጓድ ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

«ጥልቀቱንም ጻፍልኝ፣ ልጄ።»

ፖሊሱ መለካት የእሱ ሥራ እንዳልሆነ ነገራት፤ ሲናገር ግን ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ነበር፤ እስከ ዛሬ ቅጣት ሰጥቶት ይጨመርልኝ ያለው ሰው የለም። ሰፊዋ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ለቆመው ሰው አሳየች። በሁለት ዓመት ውስጥ እዚህ ቦታ ላይ ጉድጓድ አለ የሚል የመንግሥት ወረቀት ይህ የመጀመሪያው ነው አለች። ከመስኮቱ ባሏ ሳቀ፤ እስኪያስለው ሳቀ። ሰውም ሳቀ። ፖሊሱ ራሱ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሞተሩ ዞረ።

ያልሳቀው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው። ሰው ዝም እስኪል ጠበቀና በዝግታ ተናገረ። ወረቀቱ ጉድጓድ አለ ብቻ አይልም፣ የቆፈረችው ይህች ሴት ናት ይላል። እንግዲህ ጉድጓዱ ያንቺ ሆነ፤ ወንድምሽ ሲመጣ በነዋሪ የተቆፈረ ብሎ ይጽፋል፣ እሱም አይዋሽም፣ መዝገቡም ይዘጋል፣ አንቺም ትከፍያለሽ። ይህን የተናገረው በክፋት አልነበረም፤ ወረቀት ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ስለሆነ ያየውን ነው የተናገረው። ሰዉ ወደ ሰፊዋ አየ። እሷ ወረቀቱን እንደገና አነበበች። ሊቀመንበሩ ልክ ነበር። አራት ጊዜ ጠፋ የተባለው ጉድጓድ አምስተኛው ላይ በስሟ ተመዝግቦ ቁጭ አለ።

ከጉድጓዱ ወጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ሰዎች ወደየሥራቸው ሄዱ። ሰባት ልብስ ትዝ አላት፤ አንዱ ግማሽ እጅጌ ብቻ ነው ያለው። አሁን ጥራጊውን መልሳ ብትከተው፣ ወንበሮቿን ብታስገባ፣ ቅጣቱን ብትከፍል ማንም አይፈርድባትም። ወንድሟም መስታወቱን አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጎ ጽፎ ይሄዳል፤ ሁሉም እንደነበረው ይቀጥላል፣ ባሏም ግድየለሽ እንደተባለ ይሞታል። ይህ የመጨረሻው ነገር ነው ከወንበሩ ያስነሣት። ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ውስጥ አስገባችና ተመልሳ ወረደች። ከተረፈው ጥራጊ ሥር ትላንት ያልተሞላ፣ የቆየ፣ የረጋ ደለል ነበር። ያንንም ጠረገችው። መሬቱን አልቆፈረችም፤ የራሱን የጉድጓዱን ወለልና ጠርዝ ፈልጋ በአካፋው ጫፍ ፈልፍላ አወጣችው፣ ልብስ ከመሰፋቱ በፊት ጨርቁን እንደምታቀናው።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጎሚስታው ድጅኖ ይዞ መጣ። ስሜ ከጠፋ ጠፋ፣ ዶማዬንስ ሰው ሁሉ አወቀው አለና ወርዶ በሌላው በኩል ያዘ። ሁለቱ ሲጠርጉ ፖሊሱ ሞተሩን አላስነሣም። ከጉድጓዱ በላይ በኩል ቆሞ መኪኖቹን በአንድ መስመር ያሳልፍ ነበር።

ነጩ ፒክአፕ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ መጣ። ከቀዩ ገበር አራት እርምጃ ርቆ ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም። ሰፊዋ ከጉድጓዱ አልወጣችም። ሊቀመንበሩ ቀድሞ መኪናው ጋ ደረሰና ጎንበስ ብሎ ተናገረ፤ ትላንት በኮሚቴው አስተባባሪነት እንደተሞላ፣ ዛሬ እህትህ እንዳወጣችው፣ የፖሊስ ወረቀትም እንዳለ ነገረው። መስታወቱ አንድ ስንዝር ወረደ። ወንድሟ ሊቀመንበሩን ሰማ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጉድጓዱ አየ፣ ቅጹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። የካርቦኑን ወረቀት በሁለቱ ቅጠሎች መካከል ሲያስገባ እጁ ይታይ ነበር። ባሏ ከመስኮቱ፣ ሰዉ ከዳር፣ ጎሚስታው ከጉድጓዱ፣ ሁሉም ያን እጅ ያያሉ።

«ውረድ» አለችው።

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ወንድሟ ብዕሩን አቆመ። እትዬ፣ መጀመሪያ ከዚያ ውጪ፣ መኪና ይመታሻል አላት። ሁለት ዓመት ያልሰማችው ድምፅ ነው፤ ወፍሯል።

«አንድ ጊዜ ዝም ብዬልሃለሁ» አለች። «ሁለተኛ ዝምታ የለኝም። ካልወረድክ እኔ አልወጣም።»

ምን ዝምታ እንደሆነ ከሦስት ሰው በቀር የገባው አልነበረም። ወንድሟ ወደ መስኮቱ አየ። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ዓይኑን ከእሱ ላይ አላነሣም፤ አልተቆጣም፣ አልለመነም፣ ያየው ነበር ብቻ። መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ጫማው አዲስ ነበር፣ ሱሪው የተተኮሰ። ገበሩን በእጁ ከፍ አድርጎ ሥር ገባና ጭቃው ውስጥ ቆመ። እህትና ወንድም ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። ጎሚስታው ወጣላቸው።

ሜትሩን ዘርግቶ በሦስት ቦታ ለካ። ሃምሳ አራት፣ አርባ ስምንት፣ ሃምሳ አንድ። ጎንበስ ብሎ የአስፋልቱን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ዙሪያውን ሁሉ፣ ሳይቸኩል። ሥራውን ያውቃል፤ ማወቁን ሰዉ ያን ቀን ነው ያየው። ሊቀመንበሩን ጠርቶ ጠርዙን እንዲነካ አደረገው። ዛሬ የተቆፈረ አስፋልት ስለት አለው፣ ይህ ጎማ ሲልገው የኖረ ነው፣ ቢያንስ ሦስት ክረምት አለው አለ። ፖሊሱም መጥቶ ነካ። ከዚያ ወንድሟ ስልኩን አውጥቶ ጽሕፈት ቤቱ ደወለና ሃምሳ አራት ብሎ ተናገረ። ከዚያ ማዶ ያለችው ልጅ ድገመው ሳትለው አልቀረችም፤ አዎ፣ ሃምሳ አራት፣ ወርጄ ነው የለካሁት አላት። አምስት ሰዓት ከአርባ ነበር።

ሰዉ እዚህ ላይ የሚያልቅ መስሎት ማጉረምረምና መሳቅ ጀመረ። ወንድሟ ግን ከመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ መጻፉን አላቆመም። ቅጹ ከታች «አስተያየት» የሚል ሦስት መስመር አለው፤ ሦስቱን ሞልቶ ወደ ኅዳጉ ወጣ። እትዬ፣ የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሺዋለሽ ብሎ ጠየቃት። ቀኑን ልትነግረው አፏን ስትከፍት እጁ ጽፎት ነበር። ሊቀመንበሩ በትከሻው በኩል አሻግሮ አነበበና ደነገጠ፤ አንተ ሰውዬ፣ የገዛ ልጆችህን ጉሮሮ ነው የምትዘጋው፣ ልኬቱ ይበቃል እኮ አለው። ወንድሟ ብዕሩን ሳያነሣ፣ ካልጻፍኩት ጉድጓዱ የእሷ ሆኖ ይቀራል አለ፤ ለማን እንደተናገረው አልታወቀም። ፈረመ፣ ከፊርማው ሥር ሙሉ ስሙን ጻፈ፣ ላይኛውን ቅጠል ቦርሳው ውስጥ አደረገና በካርቦን የወጣውን ለእህቱ ዘረጋ።

እሷ አልተቀበለችውም። በአገጯ ወደ ቤቱ አሳየችው።

ወረቀቱን ይዞ ስምንቱን እርምጃ ሄደ። በሩ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ስለነበር ማውለቁ ዋጋ አልነበረውም፤ ግን አወለቀው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፊዋ ያየችው ከጉድጓዱ ውስጥ ቆማ በተከፈተው መስኮት ነው። ባሏ መነጽሩን ከትራሱ ሥር ፈልጎ አደረገ። በጣቱ እየተከተለ አነበበ። የሚለውን እሷ በኋላ ሺህ ጊዜ አንብባዋለች፤ በዚህ ቦታ ላይ በአራት የተለያዩ ጊዜያት ተጠግኗል ብዬ የዘገብኩት ከተሽከርካሪ ሳልወርድ ነው፣ መንገዱ በመጀመሪያውም ሆነ ከዚያ በኋላ አልተጠገነም፣ በብስክሌተኛው ላይ የተመዘገበው ጥፋት ትክክል አይደለም፣ እህቴ በወቅቱ አላየሁም ያለችው እኔ ለምኛት ነው ይላል። ባሏ እስከ መጨረሻው ደርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። ወንድሟ በባዶ እግሩ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ልክ የዚያን ቀን ማታ እንደቆመው፣ አሁን ግን የሚለምነው ነገር የለውም።

ባሏ ወረቀቱን ጨርሶ አጠፈው፣ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ በሁለት እጁ በተሰበረው በኩል ያለውን እግሩን አንሥቶ ወደ ግድግዳው አስጠጋው፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተገኘ። ወንድሟ ሄዶ ተቀመጠ።

ሰፊዋ አልገባችም። ፖሊሱ ሄዷል፣ ትምህርት ቤቱ ሊለቀቅ ነው፣ መኪኖቹም ፍጥነታቸውን አልቀነሱም። ከጉድጓዱ ወጥታ ቀለሙ በጠፋው ማቋረጫ መሃል ላይ ቆመች፤ ጭቃ የለበሰ እጇን ወደሚመጣው ሚኒባስ ዘርግታ እስኪቆም ድረስ አላወረደችውም።